ስለ ትዕግሥት ትርጓሜና ስለ ከፋ ነገር

ትዕግሥት ተዐገሠ ካለው የግእዝ ቃል ይወጣል፤ ቻለ፥ ታገሠ፥ ራሱን ገዛ ማለት ነው። ህድአት ግን ሀድአ ካለው ይወጣል፤ ጸጥ አለ ማለት ነው። ነፋሱ በተገሠጸ ጊዜ ባሕሩ ሀድአ ይባላል እንጂ ታገሠ አይባልም። እንግዲህ ሁለቱን መለየት ይገባል፤ ዝም ያለ ሁሉ ታጋሽ አይደለምና።

ለዚህም ነገር ከፋ ምስክር ናት። ቦንጋና አንድራቻ የከፋ ነገሥታት መቀመጫ ነበሩ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1897 ዓመት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘምተው አገሪቱን ያዙ። ንጉሡ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በዱር ተሸሽገው ወራት ከቈዩ በኋላ ተማረኩ፤ 22 ዓመትም በግዞት ኖረው በ1919 ዐረፉ። የታሰረ ሰው ዝምታ ከትዕግሥት ይሁን ከግድ፥ ልብን የሚመረምር እግዚአብሔር ያውቃል።

ከሕዝቡም ብዙው ተማርኮ በባርነት ተሸጠ፤ መንደሩ ተፈታ፥ እርሻውም ዱር ሆነ። ባርነትን ፈጽሞ የሚሽር አዋጅ የወጣው በ1942 ነው፤ በመካከሉ 45 ዓመት አለ። የእነዚያ የተሸጡት ሰዎች ዝምታ ትዕግሥት ተብሎ ቢመሰገን የሚጠቀም ሻጩ ነው።

መጽሐፍ ግን እንዲህ አያስተምርም። እግዚአብሔርን ርኁቀ መዓት ይለዋል፤ ከቍጣ የራቀ ማለት ነው። ማጥፋት እየቻለ የኃጥኡን መመለስ ይጠብቃልና። ዳዊትም ሳኦልን በዋሻ ባገኘው ጊዜ፥ መግደል ሲቻለው፥ የልብሱን ዘርፍ ብቻ ቈረጠ። ስለዚህ ትዕግሥት አስቀድሞ የሚገባው ኃይል በእጁ ላለው ነው።

አንድም፥ ኢዮብ በትዕግሥቱ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ዝም አላለም። የተወለደበትን ቀን ረገመ፥ ከወዳጆቹ ጋር ተከራከረ፥ ፍርድም ለመነ፤ ፈጣሪውን ግን አልካደም። በዚህ የተበደለ ሰው አቤት ማለቱ ትዕግሥቱን እንዳያፈርስበት ይታወቃል።

እንግዲህ መምህር ሆይ፥ ታገሡ ብለህ ከማስተማርህ በፊት ለማን እንደምትናገር አስተውል። አስቀድመህ ለገዥው ንገረው፤ ቍጣው እስኪበርድ ፍርዱን ያቈይ። ለተበደለውም ተስፋ እንዳይቈርጥ ንገረው፤ ጩኸቱን ግን አትከልክለው።