ከካኪ እስከ ኮንጎ

መጋቢት 1960 ዓ.ም. በስድስት ኪሎው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ፣ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። ሚኒ ቀሚስ የከተማው ወሬ የነበረበት ጊዜ ነው። ተማሪዎቹ ትርዒቱን ሊበትኑ ወጡ። ወደ አዳራሹ በሚገቡት እንግዶች ላይ እንቁላልና ቲማቲም ወረደባቸው፤ ሴቶችም ተመቱ። ክሱ «የባህል ወረራ» የሚል ነበር። መዘዙ ቀላል አልሆነም፤ መንግሥት ዩኒቨርሲቲውን ዘጋው። በዚያ ዘመን ፎቶዎች ላይ ሰልፈኛ ተማሪዎችን ስናያቸው ብዙዎቹ ኮትና ክራቫት ለብሰዋል። ክራቫቱስ ከየት አገር መጣ? የጠየቀ ያለ አይመስለንም። የተወረረው ባህል የሚታወሰው የሴት ጉልበት ሲታይ ብቻ ነበር ማለት ነው። (ለዚያ ትውልድ ያለን ክብር እንደተጠበቀ ሆኖ!)

ስድስት ዓመት አለፈና አብዮቱ ፈነዳ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲያዘምት ካኪ አለበሳቸው። አፍሮውን አበጥሮ ቦላሌ ሱሪ ይጎትት የነበረው የከተማ ልጅ በአንድ ጊዜ የወታደር ቀለም ለበሰ። ካኪ ለመንግሥት ምቹ ልብስ ነው። ቆሻሻ አያሳይም፣ የሀብታሙንና የድሃውን ልጅ ያስተካክላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለባሹን ትእዛዝ ተቀባይ ያስመስለዋል። ማስመሰል ነው ያልነው። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ ከገጠር የተመለሱት የደርግ ተቃዋሚ ሆነው ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ካለቁት ወጣቶች ውስጥ ያንን ካኪ የለበሱ ነበሩበት። ያለበሳቸው መንግሥት ነው የገደላቸው።

ካኪው ግን ከዘማቹ ወደ ባለሥልጣኑ ዞረ። ኢሠፓ በመስከረም 1977 ዓ.ም. ሲመሠረት ወታደር ያልሆነው ሹም ሳይቀር እንደ ቻይናና እንደ ሰሜን ኮሪያ መሪዎች እስከ አንገቱ የሚቆለፍ፣ ባለ ትልልቅ ኪስ ኮት ለባሽ ሆነ። ወላጆቻችን ካድሬን ከሩቅ የሚለዩት በዚህ ኮት ነበር። ወጣቱ በበኩሉ በድሬዳዋ በኩል በኮንትሮባንድ የሚገባ ጂንስ ያሳድድ ነበር። እሱም ራሱን የቻለ ተቃውሞ ነው እንላለን።

ከዚያ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ሆነ። አዲስ አበባ የገቡት ታጋዮች ቁምጣ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አጎፍረው፣ እግራቸው ላይ ኮንጎ የሚባለውን የላስቲክ ጫማ አድርገው ነበር። ከተማው አፉን ይዞ አያቸው። ጎፈሬው እንኳ ለአገሩ እንግዳ አልነበረም፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን በዱር የከረሙት አርበኞችም ያጎፍሩ ነበር። የሚገርመው ሌላው ነው። ሚኒ ቀሚስ ሴት ባስደበደበበት ከተማ፣ ከ23 ዓመት በኋላ፣ ቁምጣ የለበሱ ሴት ታጋዮች ክላሽ አንግተው በአስፋልቱ መሀል አለፉ። እንቁላል የወረወረ አልነበረም።

ያው የላስቲክ ጫማ በኤርትራ ሺዳ ይባላል። ሻዕቢያ በሳሕል ተራሮች ውስጥ በራሱ ወርክሾፕ ያመርተው ነበር፤ ዛሬ አስመራ አደባባይ ላይ ግዙፍ ሐውልት ቆሞለታል። አዲስ አበባ ለኮንጎ ሐውልት አላቆመችም። ባለኮንጎዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ሱፍና ክራቫት ለበሱ።