የዶሮቲ ቀይ ጫማ

ሐር፣ ቆዳ፣ የጀላቲን ቅርፊት፣ የብርጭቆ ዶቃና ፈርጥ
ካልቨር ሲቲ፣ ካሊፎርኒያ፤ 1938–1939 እ.ኤ.አ.
ንድፍ፦ ጊልበርት ኤድሪያን፣ ኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ

ጁዲ ጋርላንድ «ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ» በተሰኘው የ1939ኙ ሙዚቃዊ ፊልም ዶሮቲን ሆና ስትጫወት ካደረገቻቸው ጫማዎች አንዱ ነው። ፊልሙ የተነሣበት የኤል ፍራንክ ባውም መጽሐፍ (1900) ጫማውን ብርማ ያደርገዋል። ቀይ የሆነው በቴክኒከለር ባለቀለም ፊልም ላይ ደምቆ እንዲታይ ነው።

ቀይ ያደረጉት በጨርቁ ላይ የተሰፉት ጥቃቅን ክብ ቅርፊቶች ናቸው። ሶሉ ሥር የተለጠፈውን ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ግን ተመልካች ብዙም አያስተውለውም፤ በጭፈራው ጊዜ የእርምጃ ድምፅ እንዳይሰማ የተደረገ ነው።

ቀረብ ብለው ቢያዩ ቀኝና ግራው ፍጹም አንድ አይደሉም። ለቀረጻው ከአንድ ጥንድ በላይ ስለተሠራ እግሮቹ ተቀያይረዋል። በ2005 ከሚኒሶታ የተሰረቀው ሌላ ጥንድ በ2018 ተገኝቶ እዚህ ሲመረመር፣ የዚህኛው ትክክለኛ አቻዎች በዚያ ጥንድ ውስጥ ተገኙ።

ስሙ እንዳይገለጽ ከፈለገ ሰው ለሙዚየሙ የተበረከተ፣ 1979።