ከላሊበላ እስከ ገነተ ማርያም፦ በእግር ጉዞ የተነበበ ግድግዳ

ላስታን አብዛኞቻችን የምናውቃት በመጻሕፍት ነው። እኔም ገድለ ላሊበላን ለዓመታት ያነበብሁትና ያስተማርሁት አገሩን ሳልረግጥ ነበር። በአንድ የዕረፍት ሰሞን ግን ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም በእግር ለመሄድ ቻልሁ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በጉዞው ያየሁትን ካነበብሁት ጋር በማገናዘብ አንድ የታሪክ ጥያቄ ማንሳት ነው።

መንገዱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያመራል። ማለዳ ስንነሣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ በስተግራችን ጉም ለብሶ ይታይ ነበር። መንገዱ አንዴ ወደ ሸለቆ ይወርዳል፤ አንዴ ወደ አፋፍ ይወጣል። ስንቃችን በሶና ቆሎ ነበር። ወንዝ ዳር ያገኘናቸው አንድ ሽማግሌ ወዴት እንደምንሄድ ጠይቀውን ስንነግራቸው፣ «እሷንስ ይኩኖ አምላክ ነው ያሠራት» አሉን። ላሊበላ ባሉበት አገር የሌላ ንጉሥ ስም ቀድሞ መነሣቱ አስገረመኝ።

ገነተ ማርያም ዙሪያዋን ከአለቱ ተለይታ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለች ናት። በውጭ የሚከቧት አምዶች ቤተ መድኃኔ ዓለምን ያስታውሳሉ። በውስጧ ካሉት ጥንታዊ ሥዕሎች መካከል የዐፄ ይኩኖ አምላክ ምስል ይገኛል፤ ከምስሉ ጋር ያለው የግእዝ ጽሑፍም ንጉሡ በእግዚአብሔር ፈቃድ ከነገሡ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ በራሳቸው አንደበት ይናገራል።

እንደሚታወቀው ይኩኖ አምላክ የዛጔን መንግሥት ተክተው ከ1262 እስከ 1277 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1270-1285) ነግሠዋል። ሥልጣኑ የተላለፈበትን መንገድ በተመለከተ ትውፊቱ ሁለት ነው። አንደኛው ዙፋኑ በቅዱሳን አማላጅነት በሰላም ተመለሰ ይላል፤ ሁለተኛው የመጨረሻው የዛጔ ንጉሥ ጋይንት ውስጥ መገደሉን ይተርካል። ሁለቱም የደረሱን ከድርጊቱ ብዙ ዘግይተው በተጻፉ ምንጮች ነው። ክብረ ነገሥት በግእዝ የተዘጋጀው በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን (1306-1336 ዓ.ም.) ሲሆን፣ ገድለ ላሊበላም የ15ኛው ምእት ዓመት ድርሰት ነው።

ገነተ ማርያም ግን የዘመኑ ምስክር ናት። አዲሱ ንጉሥ ያሸነፉትን ሥርወ መንግሥት ጥበብ አልናቁም፤ በዛጔዎች እምብርት፣ በዛጔዎች ስልት አስፈልፍለው ምስላቸውን አሥለውበታል። ይህን እንደ እርቅ ማንበብ ይቻላል፤ የቀድሞዎቹን ክብር ወደ ራስ እንደ ማዞርም ማንበብ ይቻላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱ አይጣሉም። የዛጔን አገር ሊገዛ የፈለገ ንጉሥ አገሬው በሚያውቀው ቋንቋ መናገር ነበረበት፤ የላስታ ቋንቋ ደግሞ የተፈለፈለ ድንጋይ ነው።

ከዚህ የምንረዳው የግእዝ ሥነ ጽሑፍን ስናጠና በብራና ብቻ መወሰን እንደሌለብን ነው። በግድግዳ ላይ ያለ ጥቂት መስመር ከአንድ ሙሉ ገድል ቀድሞ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ጌታቸው ኃይሌና ማሪሊን ሄልድማን እንዲህ ያሉ የሥዕል ጽሑፎችን ለታሪክ ጥናት እንዴት ማዋል እንደሚቻል አሳይተዋል። ብራና ሊገለበጥ ይችላል፤ ግድግዳ ግን ቀለሙ ከለቀቀ ቅጂ የለውም። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ገድሉን ከማንበባቸው ጎን ለጎን ስንቃቸውን ይዘው ይህን መንገድ ቢሄዱ፣ ያዩትንም እየመዘገቡ ቢመለሱ፣ የሚጠቀመው ትምህርታቸው ብቻ አይደለም።