የቶባ ነገሥታት ስማቸውን ስለ መለወጣቸው

ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ496 ዓመት የሰሜን ዌይ ንጉሠ ነገሥት ሺያዎወን በሉዎያንግ ተቀምጦ አዋጅ አስነገረ። ከሺያንቤይ ሕዝብ የሆኑት አባቶቹ ከሣር ምድር ወርደው ሰሜን ቻይናን ሲገዙ የሚጠሩበትን የቶባን ስም ትቶ ዩዋን ተባለ፤ መኳንንቱም ተከተሉት፤ ዱጉ የነበረው ሊዩ፣ ቺዩሙሊንግ የነበረው ሙ ሆነ። ይህን የሚተርኩ ብዙዎች ድል አድራጊው ድል በተነሣው ሕዝብ ባህል ተዋጠ ይላሉ። እኔ ግን ስሙ የተለወጠው መንግሥትን ለማጽናት ነው እላለሁ። ባህሉ በራሱ ኃይል ስቧቸው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ትእዛዝ ለምን አስፈለገ? አስቀድሞ በ494 የሺያንቤይ ልብስ ተከልክሏል፤ በ495 ደግሞ ከ30 ዓመት በታች የሆነ ሹም በቤተ መንግሥት የአባቱን ቋንቋ ቢናገር ከሹመቱ እንዲሻር ታዟል። ይህም ሆኖ በ499 ንጉሡ ወደ ከተማው ሲገባ በሠረገላ የተቀመጡ ሴቶች ቆብ ደፍተው፣ አጫጭሩን የጥንት ልብስ ለብሰው አገኛቸው፤ ከተማ ጠባቂውንም መስፍን ስለዚህ ገሠጸው።

የአዋጁ ፍሬ ነገር ማዕርግ ነበር። ንጉሡ ስምንት የሺያንቤይ ቤቶችን መርጦ ከቻይና ታላላቅ ቤቶች፣ ከትዊ፣ ከሉ፣ ከጄንግና ከዋንግ ጋር በክብር አስተካከላቸው፤ አብዛኞቹን ወንድሞቹንም ከቻይና ባላባቶች አጋባ። አዲሱን ስም ለያዘ የሹመት በር ተከፈተለት።

ታዲያ መንግሥቱ በ534 ለሁለት የተከፈለው በዚሁ ለውጥ አይደለምን? የሚል ይኖራል። በ523 በሰሜን ድንበር ስድስቱ የጦር ሰፈሮች ማመፅ እንደ ጀመሩ እውነት ነው። ነገር ግን ከዓመፀኞቹ መካከል ቻይናውያን ወታደሮችም ነበሩ። ቀድሞ የድንበር ዘበኝነት የክብር መንገድ ነበር፤ ዋና ከተማው ወደ ደቡብ፣ ወደ ሉዎያንግ፣ ከሄደ በኋላ ግን ሰፈሮቹ የግዞተኛ ማጎሪያ ሆኑ፤ ሉዎያንግ የታደለውም ማዕርግ ለእነርሱ አልደረሰም። ቂማቸው ከዚህ የመጣ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ከተከፈለው መንግሥት በምዕራቡ በኩል የሆነው ነው። በ554 ኃያሉ ዩወን ታይ የዩዋንን ቤት ወደ ቶባ መለሰ፤ ቻይናዊውን የጦር አለቃ ያንግ ጆንግንም ፑሊዩሩ አሰኘው፤ በዚያን ጊዜ ኃይል የነበረው በሰሜን ወታደሮች እጅ ነበርና። የያንግ ጆንግ ልጅ ያንግ ጂየን ሥልጣኑን ሲይዝ የቻይናውን ስም መለሰ፤ በ581ም የሱይን መንግሥት አቆመ። በመጨረሻ የቻይና ስም አሸነፈ ለሚል ግን፣ ከጎኑ ንግሥት ሆና የተቀመጠችው ሚስቱ የምትጠራው አዋጁ ሊዩ ይሁን ባለው በዱጉ ስም ነበር።