ክትባት በጉርሻ

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ታሪክ ሲነሳ ሁሉም የሚጀምረው ከሉዊ ፓስተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1885 ፓሪስ ላይ ውሻ የነከሰውን ልጅ ከከተበበት ቀን። ከዚያ ወዲህ ያለው ትረካ ከቤተ ሙከራና ከመርፌ አይወጣም። የታሪኩ ሌላ ግማሽ ግን የተሠራው ማረጃ ቤትና ወጥ ቤት ውስጥ ነው። መርፌ የማይደርስባቸው እንስሳት፣ የዱር ቀበሮዎችና በየመንደሩ የሚዞሩ ውሾች፣ ክትባት ያገኙት በሚበላ ነገር ውስጥ ተደብቆ ነው። የዘዴው መሳካትና መክሸፍም በክትባቱ ጥራት ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ምግቡን ያዘጋጀው ሰው የእንስሳውን አፍ ማወቅ አለማወቁም የዚያኑ ያህል ወስኖታል።

በ1940ዎቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የተነሳው የቀበሮ ወረርሽኝ በዓመት ከ20 እስከ 60 ኪሎ ሜትር እየገፋ በ1967 ስዊዘርላንድ ገባ። የመንግሥታቱ ምላሽ ጥይትና ጉድጓድ ውስጥ የሚለቀቅ መርዛማ ጋዝ ነበር። ቀበሮ ግን ቶሎ ይራባል፤ ባዶ የቀረውንም ግዛት ሌላው ወዲያው ይይዘዋል። በ1971 ጆርጅ ቤየርና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ቀበሮ በአፉ ቢከተብ በሽታውን መቋቋም እንደሚችል አሳዩ። ይሁን እንጂ ተይዞ በታሰረ ቀበሮ አፍ ውስጥ ማንጠባጠብ ሌላ፣ ጫካ ያለውን ማጉረስ ሌላ ነው። የስዊዝ ተመራማሪዎች በ1978 የሮን ሸለቆን ቀበሮዎች ለመከተብ ሲነሱ የመረጡት ከማረጃ ቤት የሚጣለውን የዶሮ ራስ ነበር። ክትባቱን የያዘችውን ትንሽ እሽግ ከራሱ ቆዳ ሥር ሸጉጠው ቀበሮ በሚመላለስበት ቦታ አኖሩት። ምርጫው ለርካሽነቱ ብቻ የተደረገ ሊመስል ይችላል፤ ጥቅሙ ግን ከዚያ ያልፋል። ለቤት ውሻው ክኒን በሥጋ ጠቅልሎ የሚሰጥ ሰው የሚመኘው ውሻው ሳያኝክ እንዲውጥለት ነው። እዚህ ግን ጉዳዩ ተቃራኒ ነው፤ የተዳከመው ቫይረስ ሥራውን የሚሠራው የአፍን ውስጠኛ ሽፋንና ቶንሲልን ሲነካ ነው፤ ከሆድ ከገባ ይበላሻል። ስለዚህ እሽጉ ጥርስ ሥር መፈንዳት አለበት። አጥንት ያለበትና ማኘክ የሚያስገድድ የዶሮ ራስ ለዚህ ተስማሚ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፦ አውሮፓን ያዳነው በእጅ የተሰናዳ የዶሮ ራስ ሳይሆን ፋብሪካ ነው። እውነት አለው። ጀርመን በ1983 ስትጀምር የዶሮ ራስ ብትጠቀምም፣ ብዙም ሳትቆይ ከስብና ከዓሣ ዱቄት በማሽን ወደሚሠራ ማባበያ ዞረች፤ ሚሊዮኖችን በአውሮፕላን መበተን የተቻለውም ከዚያ በኋላ ነው። ማባበያው ውስጥ የተጨመረው ቴትራሳይክሊን በቀበሮው ጥርስና አጥንት ላይ ምልክት ስለሚተው የበላውን ካልበላው መለየት ተቻለ። ስዊዘርላንድም በ1999 ከበሽታው ነፃ ሆነች። ነገር ግን የፋብሪካው ማባበያ የተሳካው የአውሮፓ ቀበሮ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ፣ የዓሣ ሽታ የሚስበው እንስሳ በመሆኑ ነው። ማሽኑ የወረሰው ስለዚያ እንስሳ የተገኘውን እውቀት ነው፤ እንስሳው ሲለወጥ እውቀቱም እንደ አዲስ መገኘት ነበረበት።

ይህን ከባሌ ተራሮች የተሻለ የሚያሳይ ቦታ የለም። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እዚያ ነው። በሽታው ከእረኛ ውሾች እየተሻገረ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ወረርሽኝ አስነሳ፤ በተጠቁት አካባቢዎች እስከ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት ያለቁበት ጊዜ ነበር። በ2003 ቀበሮዎቹን በወጥመድ እየያዙ በመርፌ መከተብ ግድ ሆነ። ያ እሳት ማጥፋት ነበር፤ በየጊዜው የሚደገም አልነበረም። ታዲያ ምን ይጉረሱ? ቀይ ቀበሮ ቀኑን ሙሉ ፍልፈልና አይጥ ሲያድን የሚውል አዳኝ ነው፤ የዓሣ ዱቄት ኩብ ለእሱ ምኑም አይደለም። በመስክ ሙከራ ከቀረቡለት ማባበያዎች የተመረጠው የፍየል ሥጋ ሆነ። በ2018 በባሌ በአፍ የሚሰጠው ክትባት ዘመቻ ሲጀመር፣ ክትባቱ በአውሮፓ የተሠራ ቢሆንም መሸፈኛው ማንኛውም የባሌ ገበያ የሚያውቀው ሥጋ ነበር።

አንዳንዱ ደግሞ «ምንጩ ውሻ ከሆነ ውሻውን በመርፌ መከተብ አይቀልም ወይ?» ይላል። የውሾች ክትባት ከ1990ዎቹ ጀምሮ በባሌ ሲካሄድ ቆይቷል፤ አስፈላጊነቱም አያከራክርም። ወረርሽኝን ለመግታት 70 በመቶ የሚሆኑ ውሾች መከተብ አለባቸው፤ ዛሬም ዋናው መንገድ መርፌ ነው። ችግሩ ሰው እጅ የማይገባው ውሻ ነው። ከብት ጠባቂውና ግቢ ጠባቂው፣ ባለቤቱም እንኳ ቢሆን ከአንገቱ ይዞ ሊያስወጋው የማይደፍረው ውሻ፣ ያንን ቁጥር ያጎድለዋል። ፊሊፒንስና ሃይቲ ውስጥ ለእንደዚህ ያሉ ውሾች የተቀቀለ የከብት አንጀት ተሞክሮ ጥሩ ተበልቷል። አንጀት ለመንደር ውሻ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከጓዳና ከቄራ ሲወረወርለት የኖረ ነው። በብዙ ከተሞች ለረጅም ዘመን ይኸው ጥበብ ለተቃራኒው ዓላማ ማገልገሉ ያስገርማል፤ ሥጋ ውስጥ ስትሪክኒን ደብቆ ውሻ መግደል የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነበር። መግደሉ በቀበሮ እንዳልሠራ ሁሉ በውሻም አልሠራም።

የሚቀረው ስጋት የሰው ደህንነት ነው። የተዳከመም ቢሆን ሕያው ቫይረስ ያለበትን ሥጋ ሕፃናት በሚጫወቱበት ሰፈር እንደ ጫካው በትኖ መሄድ አይቻልም። በመንደር የሚሠራው ክትባት ሰጪው ማባበያውን ለእያንዳንዱ ውሻ ሰጥቶ፣ እስኪያኝከው ቆሞ ጠብቆ፣ ባዶውን እሽግ መልሶ ሲሰበስብ ነው። ይህ ከአውሮፕላን ከመበተን ብዙ ሰውና ጊዜ ይጠይቃል፤ በጀት የሚመድቡ ቢሮዎችም የክትባቱን ዋጋ ሲያሰሉ የሥጋውንና የሚያጎርሰውን እጅ ዋጋ አብረው መያዝ ይኖርባቸዋል።