አይብ፣ ፎርማጆ እና የፎርማጆ ፍሬ፦ የአንድ ስያሜ ታሪካዊ ምርመራ

ተርጓሚን የሚያሳስተው ሁልጊዜ ስም የሌለው እንግዳ ነገር አይደለም። ይበልጥ የሚያሳስተው የምናውቀው መስሎን በራሳችን ቃል የምንጠራው ባዕድ ነገር ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለዚህ አብነት አድርገን የምናቀርበው በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛትና በካናዳ የኩቤክ ክፍለ ሀገር በለጋነቱም ሆነ በዘይት ተጠብሶ የሚበላውንና አንድ ተርጓሚ «አይብ» ብሎ በቀላሉ ሊያልፈው የሚችለውን ምግብ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን ከነአሠራሩ እንመልከት። ወተቱ ለብ ይልና አሲድ ፈጣሪ ባክቴሪያዎች ይጨመሩበታል፤ ቀጥሎም ሬኔት የተባለው፣ በጥንቱ ልማድ ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣው አርጊ ይገባበታል። የረጋው ወተት በቢላ ተከትፎ እንደገና ይሞቃል፤ አጓቱ ይጠነፈፋል፤ የቀረው ተቆራርጦ ጨው ይነሰነስበታል። ይህ በቅርጽ ማውጫ ተጭኖ ለወራት ቢቆይ ቼዳር የተባለው ፎርማጆ ይሆናል። ሳይጫን በዚያው ዕለት ሲበላ ግን የምንነጋገርበት ምግብ ነው። ለጋ ሳለ ሲያኝኩት በጥርስ መካከል ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ምክንያቱም ካልሲየም ያስተሳሰረው የፕሮቲን መረብ ገና አልላላም። አንድ ሁለት ቀን ካደረ ድምፁ ይጠፋል። በዊስኮንሲን በቀጠነ ሊጥ ተነክሮ በፈላ ዘይት ይጠበሳል። በኩቤክ ደግሞ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ ከተጠበሰ ድንችና ከትኩስ መረቅ ጋር «ፑቲን» በሚል ስም ይቀርባል።

ወደ ስያሜው ስንመለስ የፈረንሳይኛው «ፍሮማዥ» እና የኢጣልያንኛው «ፎርማጆ» መነሻቸው «ፎርማ»፣ ማለትም ቅርጽ ወይም ቅርጽ ማውጫ የሚለው የላቲን ቃል ነው። ስለዚህ በጥንተ ትርጉሙ ፎርማጆ የሚባለው በቅርጽ ማውጫ ያለፈው ብቻ ነበር። የኩቤክ ሰዎች ቅርጽ ማውጫ ያላየውን ምግባቸውን ለመለየት «በፍሬ ያለ ፎርማጆ» የሚል ፍች ያለው ሐረግ ይጠቀማሉ፤ በቤት ቋንቋ ደግሞ ከድምፁ በመነሣት «ስኩዊክ ስኩዊክ» ይሉታል። እንግሊዝኛው በበኩሉ መርጋቱን መሠረት አድርጎ ሰይሞታል። አንዱ ቅርጹን፣ ሌላው ድምፁን፣ ሦስተኛው አሠራሩን አይቷል ማለት ነው።

የእኛ «አይብ» ታሪኩ ሌላ ነው። ግዕዝ ለረጋው ምግብ «ግብነት» የሚል ቃል አለው፤ ይህም ከዕብራይስጡና ከዐረብኛው አቻ ጋር የሚዛመድ ነው። «አይብ» ግን ወተት ከሚለው ከግዕዙ «ሐሊብ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ በአንዳንድ የጉራጌ ቋንቋዎች የቃሉ ዘመድ ዛሬም ወተትን ያመለክታል። አይብ የሚወጣው እርጎው ተንጦ ቅቤው ከተለየ በኋላ አሬራው በዝግታ ሲሞቅ ነው፤ የሚያረጋውም አሲድና ሙቀት እንጂ ሬኔት አይደለም። ልዩነቱ በምጣድ ላይ ይታያል። በሬኔት የረጋው ሲጠበስ ይቀልጣል፣ ይለጠጣል፤ አይብ ግን አይቀልጥም። ስለዚህ «የተጠበሰ አይብ» የሚል ትርጉም ያነበበ ሰው በአእምሮው የሚሥለው ምግብ በሳህን ላይ ከሚቀርብለት ጋር አይገናኝም።

ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለም። በአሜሪካም ሆነ በእስራኤል የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ሃይማኖታቸው ሬኔቱ ከየትኛው እንስሳ እንደ ወጣ፣ እንስሳውም እንዴት እንደ ታረደ እንዲጠይቁ ሊያስገድዳቸው ይችላል። በረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት በዘረ መል ምህንድስና የተመረተው አርጊ እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ መልሱ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። «አይብ» የሚለው ቃል ግን ጥያቄው እንዳይነሣ ያደርጋል፤ በአይብ ውስጥ ሬኔት እንደሌለ ሁሉም ያውቃልና።

በዚህ ምክንያት «የፎርማጆ ፍሬ» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። «ፎርማጆ» በአማርኛ የቅርጽ ትርጉሙን ትቶ የባዕዱን ዓይነት ለመለየት ስለሚያገለግል ከጥንተ ትርጉሙ ጋር መጋጨቱ አያሳስብም። «ፍሬ» ደግሞ አንድ ፍሬ ሽንኩርት እንደምንል ተለይቶ የሚቆጠረውን ያሳያል፤ አይብ በማንኪያ ይጨለፋል እንጂ በፍሬ አይቆጠርም። ትኩሱን ለመግለጽም ለጋ ቅቤ በምንልበት ልማድ «ለጋ የፎርማጆ ፍሬ»፣ ሌላውን «በሊጥ የተጠበሰ የፎርማጆ ፍሬ» ማለት ይቻላል። «አይብ» ለባለቤቱ ይቅር። የተሻለ ስያሜ ያላቸው አንባብያን ቢያቀርቡልን ሐሳባቸውን በደስታ እንመረምራለን።