ኢጣልያ በጦርነት ጊዜ ሁለት ጊዜ ወገን የለወጠችበት ምክንያት

መንግሥታት በጦርነት መካከል የቀድሞ ወዳጃቸውን ትተው ወደ ሌላ ወገን ሲዞሩ፥ ነገሩን በክህደት ስም ብቻ መጥራት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ክህደት የሚለው ቃል ፍርድን እንጂ ምክንያትን አይገልጽም። የታሪክ ተመራማሪ ሦስት ነገሮችን ሊመረምር ይገባዋል፤ እነርሱም የቀድሞው ውል ምን ያስገድድ እንደ ነበረ፥ አዲሱ ወገን ምን ዋጋ እንደ ሰጠ፥ ውሳኔውንም የቈረጡት እነማን እንደ ነበሩ ነው። ለዚህ የኢጣልያ ታሪክ መልካም ምሳሌ ይሆነናል። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኢጣልያ በ1882 ከጀርመንና ከአውስትሪያ-ሀንጋሪ ጋር የሦስትዮሽ ቃል ኪዳን ገብታ ነበር። ውሉ ግን የመከላከያ ውል ነበረ። በ1914 አውስትሪያ ኢጣልያን ሳታማክር በሰርቢያ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ፥ የሮማ መንግሥት አጥቂን የመርዳት ግዴታ የለብኝም ብሎ ገለልተኛ ሆነ። ስለዚህ ገለልተኛነቱ በውሉ ቃል ሊደገፍ ይችል ነበር። ከገለልተኛነት ወደ ጦርነት ያሻገራት ግን ዋጋው ነው። ኢጣልያ የምትመኛቸው ትሬንቲኖና ትሪየስት በአውስትሪያ እጅ ነበሩ። እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና መስኮብ የሌላውን ርስት ተስፋ መስጠት አልከበዳቸውም፤ አውስትሪያ ግን ልትሰጥ የምትችለው ከገዛ ግዛቷ ቈርሳ ነበር። አፕሪል 26 ቀን 1915 በለንደን ምሥጢራዊ ውል ተፈረመ፤ ሜይ 23 ቀንም ኢጣልያ በአውስትሪያ ላይ ጦርነት አወጀች። አብዛኞቹ የምክር ቤት አባሎች ወደ ገለልተኛነት ያዘነበሉ ሲሆኑ፥ ነገሩን የጨረሱት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳላንድራ፥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሶኒኖና ንጉሡ ነበሩ።

የዚህ ምሥጢር ዕዳ እስከ ሀገራችን ደርሷል። የውሉ 13ኛ አንቀጽ፥ እንግሊዝና ፈረንሳይ የጀርመንን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ቢወስዱ፥ ኢጣልያ በተለይ በኤርትራ፥ በሶማልያና በሊቢያ ወሰን ካሣ እንድትጠይቅ ይፈቅድላት ነበር። በዚህ መሠረት እንግሊዝ በ1925 ጁባላንድን አስረከበች። እንደዚሁም ኢጣልያ በ1919 በካሣው ድርድር ጊዜ አቅርባው እንግሊዝ ያልተቀበለችው ሐሳብ በ1925 መጨረሻ እንደ ገና ተነሥቶ፥ ሁለቱ መንግሥታት ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ ስለ ጣና ሐይቅና ኤርትራን ከሶማልያ ስለሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ተስማሙ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንም በ1926 ለመንግሥታት ማኅበር አቤቱታ አቀረቡ።

በ1943 የሆነው ለውጥ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ትርፍ ፍለጋ ሳይሆን ከጥፋት ማምለጥ ነበረ። የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦር ጁላይ 10 ቀን ሲሲሊ ላይ ወረደ፤ ጁላይ 25 ቀን ሙሶሊኒ ተሽሮ፥ ቀድሞ በኢትዮጵያ ላይ የዘመተውን ጦር የመራው ባዶልዮ ተተካ። የጦርነት ማቆሚያው ውል ሴፕቴምበር 3 ቀን በምሥጢር ተፈርሞ በ8 ታወጀ። በማግሥቱ ንጉሡና ባዶልዮ ከሮማ ሸሹ። ሠራዊቱ ግን ግልጽ ትእዛዝ አልነበረውምና፥ ከ600,000 የሚበልጡ ወታደሮች በጀርመኖች ተማርከው ወደ እስር ሰፈር ተወሰዱ። መንግሥቱ በጀርመን ላይ ጦርነት ያወጀው ኦክቶበር 13 ቀን ነው።

እንግዲህ የሁለቱ ለውጦች ምክንያት የተለያየ ሲሆን አሠራሩ አንድ ነበረ። ጥቂቶች በምሥጢር ወሰኑ፤ ዕዳው ግን በመጀመሪያው በድርድሩ ባልተጠሩ አገሮች ላይ፥ በሁለተኛው በራሳቸው ወታደሮች ላይ ወደቀ። ስለዚህ የወገን ለውጥን የሚያጠና ሰው፥ ማን ማንን ከዳ ብሎ ከመፍረዱ አስቀድሞ፥ ዋጋው ከማን ንብረት ተከፈለ ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።